ድምፅና ማተሚያ በአንድ መስመር

እኛ መሥሪያ ቤት የብሬል አታሚያችንን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከዳይሬክተሯ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁላችንም "ጋሽ ለምን" ነበር የምንለው። እሱም አይቀየምም። ስሙ የወጣለት ገና በመጣ ሰሞን ነው። አንድ ነገር ሲነግሩት "እሺ" ከማለቱ በፊት "ለምን?" ይላል። ስብሰባው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል ሲሉት "ለምን ሐሙስ?"፣ የደረጃው አምፖል ተቃጠለ ሲሉት "ለምን ሁልጊዜ የደረጃው ብቻ?" ነገረኛ ሆኖ አይደለም። የምሩን ማወቅ ይፈልጋል፤ መልሱን ሲያገኝ ደግሞ ፊቱ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ይበራል።

የምንሠራው ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በሚያዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ክፍላችን ከሕንፃው በስተጀርባ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ በአንደኛው ግድግዳ በኩል ጣሪያ ድረስ የተደረደረ ወፍራም ወረቀት። እኔ መጽሐፉን እያየሁ ወደ ኮምፒውተር እጽፋለሁ። ጋሽ ለምን ደግሞ የጻፍኩትን ወደ ብሬል አዙሮ ያትማል፤ የታተመውንም በጣቱ እያነበበ ያርማል። እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አያይም። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ብቻ ይለያል። ወደኛ ከመዛወሩ በፊት የአንድ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ነበር፤ ስልኩ አውቶማቲክ ሲሆን ነው የመጣው።

ማተሚያው የልብስ ሣጥን የሚያህል ብረት ነው። ነጥቦቹን ወረቀቱ ላይ ሲመታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል፤ በሥራ ላይ እያለ መነጋገር አይታሰብም። ጋሽ ለምን ግን ይወደዋል። ረጅም ጽሑፍ በብሬል ገጽ ልክ የሚቆራርጡ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ራሱ ነው የጻፈለት። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማረው መጽሐፉን እኔ እያነበብኩለት ነው። እሱ ቋንቋውን ተማረ፤ እኔ ምልክቶቹን ሰሚኮለን እያሉ መጥራት ብቻ ለመድኩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያው በሞተር ሳይክሉ መጣና ከቦርሳው መዳፍ የምታህል ካርድ አወጣ። የድምፅ ካርድ ናት፤ እሷ ስትሰካ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ያነባል። ባለሙያው ሣጥኑን ፈታ፣ ካርዷን ሰካ፣ ክዳኑን መልሶ አንዳንድ ነገር ጻፈ። ወዲያው አፍንጫውን የያዘ ሰው ድምፅ የመሰለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ጋሽ ለምን ከወንበሩ ብድግ አለ። "ማነው?"

"ኮምፒውተሩ ነው፣ ጋሼ" አለ ባለሙያው እየሳቀ። "ከዛሬ ጀምሮ ራሱ ያነብልዎታል።"

ያን ቀን ጋሽ ለምን ምሳ አልበላም። የፋይል ስም፣ የድሮ ማስታወቂያ፣ የስህተት መልእክት፣ ያገኘውን ሁሉ ሲያስነብብ ዋለ። እኔን ደግሞ "እንግዲህ አንቺ ጡረታ ወጥተሻል" እያለ ሲያበሽቀኝ ዋለ።

በማግስቱ የሦስተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ እንዲታተም ትእዛዝ ሰጠና ጆሮውን ወደ ማተሚያው አዘነበለ። ማተሚያው ጭጭ አለ። መብራቱ በርቷል፣ ወረቀቱ ገብቷል፣ ገመዱም በቦታው ነው። ያ አፍንጫውን የያዘው ድምፅ ብቻ "ተይዟል" አለ።

"ማን ነው የያዘው?" አለ ጋሽ ለምን።

ድምፁ "ተይዟል" የሚለውን ደገመ።

ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ካርዷን ሲነቅላት ማተሚያው እንደ ልማዱ ይንጫጫል። መልሶ ሲሰካት ካርዷ ትናገራለች፣ ማተሚያው ይተኛል። ደጋግሞ ሞከረና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ መስመር ነው" አለ።

"የምን መስመር?"

"አዩ፣ ማተሚያው የተሰጠውን መትቶ ሲጨርስ 'ጨርሻለሁ፣ ቀጣዩን አምጡ' ማለት አለበት። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል? ለዚህ ማቋረጫ የሚባል መስመር አለ። መሣሪያው መስመሩን ሲነካው የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ፕሮሰሰሩ፣ የያዘውን ሥራ ትቶ ዞር ይልለታል። የድምፅ ካርዷም ቃሏን ተናግራ ስትጨርስ እንደዚያው ትነካዋለች። ግን መስመሮቹ ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ሁለቱም ሰባት ቁጥርን ነው የሚሉት።"

"ለምን ለአንዳቸው ሌላ ቁጥር አንሰጥም?"

"ማተሚያው ከሰባት ንቅንቅ አይልም። ካርዷ ከሰባት ሌላ የምትቀበለው አምስትን ነው፤ አምስትን ደግሞ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር የሚያገናኘው የኔትወርኩ ካርድ ይዞታል።"

"ለምን አይጋሩትም?"

"አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይጋራሉ። በዚህ በአሮጌው ግን ሁለቱ እኩል ከነኩት የአንዱ ጥሪ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ቀድሞ ለጠየቀው ይሰጥና ሁለተኛውን 'ተይዟል' ብሎ ይመልሰዋል። ትናንት የሰማችሁት እሱን ነው።"

ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር የሚታሰበው ለከርሞ እንደሆነ ነገረችን። ባለሙያው ትከሻውን ሰበቀ። "እንግዲያው ወይ ድምፅ፣ ወይ ማተሚያ። እስከዚያ ካርዷን እየነቀላችሁ እየሰካችሁ መጠቀም ነው።"

እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ጋሽ ለምን ግን አገጩን ይዟል። አገጩን ሲይዝ ጥያቄ እየመጣ እንደሆነ ስለማውቅ ባለሙያው አሳዘነኝ።

"ለመሆኑ መስመሩን የሚጠይቀው ማነው? ካርዷ ራሷ ናት?"

"አይደለችም። ድራይቨሯ ነው። መሣሪያውን እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል የሚያውቅ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ አለው። ድራይቨር ደግሞ እንዳሻው አይወስድም፤ ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገርበት አድራሻም ሆነ መስመር ሲፈልግ ሲስተሙን ይጠይቃል። ሲስተሙ ነፃ መሆኑን አይቶ በስሙ ይይዝለታል።"

"መቼ ነው የሚጠይቀው?"

"ኮምፒውተሩ ሲነሣ።"

"የሚመልሰውስ?"

"ሲጠፋ።"

"እኛ እኮ የምናትመው አልፎ አልፎ ነው። ማተሚያው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ መስመሩን ለምን ታቅፎ ይውላል?"

ባለሙያው ሳቀ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ ጋሼ? ጠይቄው አላውቅም። የጻፈው ሰው እንዲያ አድርጎ ስለጻፈው ነዋ።"

"የጻፈውን ማንበብ ይቻላል?"

"ኮዱ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ማለት ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። እዚሁ ዲስኩ ላይ አለ።"

"በል ካርዷን ንቀልልኝ" አለ ጋሽ ለምን እጁን እያፋተገ። "ላትመው።"

ማተሚያው የራሱን ድራይቨር ሲያትም ሦስታችንም ከላዩ ቆመን ሰማን። ባለሙያው ብዙ ቦታ እንደሠራና እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ በረዶው ጋብ ሲልለት ነገረን።

የቤቱን ታሪክ በኋላ ያወራችልኝ ባለቤቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሳሎናቸው ግማሹን የያዘው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ነው። ማታ ከገበያ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር ብሬል ተዘርግቷል፣ እሱም ከላዩ ተደፍቶ በሁለት እጁ ይዳብሳል።

"የሰው ቀሚስ አለብኝ እኮ! ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ድራይቨር ነው።"

"የማን ሾፌር?"

"የማተሚያው።"

"ማተሚያው ደግሞ ወዴት ሊሄድ ነው ሾፌር የሚቀጠርለት?" ብላ ቀሚሱን ወንበር ላይ ዘርግታ መቁረጥ ጀመረች። እሱም በጣቱ እያነበበ፣ ብታዳምጥም ባታዳምጥም ያወራላታል። "ስሚ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው አድራሻዎቹን ነው። 'ከዚህ እስከዚህ ያሉት ለኔ ይያዙልኝ' ይላል። ከተሰጠው ቀጥሎ ማህደረ ትውስታ ይለምናል። መጨረሻ ላይ ነው መስመሩን የሚጠይቀው። ታዲያ መስመሩን ቢከለክሉት ምን ያደርጋል መሰለሽ?"

"ያኮርፋል።"

"አያኮርፍም! መጀመሪያ ማህደረ ትውስታውን ይመልሳል፣ ከዚያ አድራሻዎቹን ይመልሳል፣ ከዚያ ባዶ እጁን ይወጣል። በወሰደበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል! ለሌላው የሚተርፈውን ይዞ አይቀርም።"

"ከወንድሜ ይሻላል" አለች ባለቤቱ።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ሌላ መልክ ያዘ። ጠዋት ለመደበኛው ሥራ እናትማለን፤ ከሰዓት ካርዷን ሰክተን ጋሽ ለምን ኮዱን ይነካካል። ድምፁ ቃላቱን ይጠራለታል፤ ቅንፍና ነጠብጣቡን ግን እየዋጠ ስለሚያልፍ እነሱን ከስክሪኑ የምጠራለት እኔ ነኝ። ጡረታዬ አልሰመረም። መጀመሪያ ላይ የማነበውን አላውቀውም ነበር። ውሎ አድሮ ግን እኔም መጠየቅ ጀመርኩ።

"ይቺ 'ክፈት' የምትለው ክፍል ምንድን ናት?" አልኩት አንድ ቀን።

"እኛ ማተም ስንጀምር የምትጠራዋ ናት። 'ዝጋ' ደግሞ ስንጨርስ።"

"መስመሩን የሚጠይቀው ግን እዚያ ላይ አይደለማ። ከላይ፣ ሲነሣ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው።"

"አየሽ!" ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። "እኔም የባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት እሷን ነው። ከላይ ነቅለን 'ክፈት' ውስጥ ብናስገባትስ? ማተም ሲጀምር ይጠይቅ። መመለሻዋን ደግሞ 'ዝጋ' ውስጥ። የድምፅ ካርዷንም ድራይቨር እንዲሁ እናድርገው፤ ልትናገር ስትል ትያዘው፣ ተናግራ ስትጨርስ ትልቀቀው። ተይዞ ካገኘችው ተራዋን ትጠብቅ።"

የሚዛወረው ጥቂት መስመር ነበር፤ ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። አንዴ የተሳሳተ ነገር አስገብቶ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣም አለና ባለሙያውን መጥራት ግድ ሆነ። ባለሙያው መጥቶ የድሮውን መለሰልን፤ ግን አልሄደም። ኮቱን አውልቆ አብሮን ቁጭ አለ። ማስተካከያው እንዴት እንደሚሞከር፣ ቢበላሽ ወደ ድሮው እንዴት እንደሚመለስ ለጋሽ ለምን አሳየው። ከዚያ ወዲህ ሳይጠራም ጎራ ማለት ለመደ።

በመጨረሻ ጋሽ ለምን የማተሚያ ትእዛዙን ሰጠ። ድምፁ "ማተም ጀምሯል" አለና ዝም አለ። ወዲያው በረዶው ወረደ። ገጹ ወጣ፣ ማተሚያው አረፈ፣ ድምፁም ከቆመበት ቀጠለ፦ "ማተም ተጠናቋል።"

ካርዷም ማተሚያውም በቦታቸው ናቸው። የነቀልነው ነገር የለም። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ባለሙያው "ተራ ገቡ!" አለ። ጋሽ ለምን ግን አንዴ ብቻ አምኖ አይተውም፤ ደጋግሞ አሳተማቸው፣ ደጋግሞ አናገራቸው።

ለተወሰኑ ቀናት በሰላም ሠራን። አንድ ከሰዓት የሳይንስ መጽሐፍ እያተምን ሳለ ማተሚያው መሀል ላይ ቆመ። ወረቀት አልቆበታል። ኅትመቱን ሰርዤ አዲስ ወረቀት አስገባሁ። ጋሽ ለምን ኮምፒውተሩን ሲያናግረው መልስ የለም። ድምፁ ጠፍቷል። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ስናስነሣው ተመለሰ። በሌላ ቀን ወረቀት ሲያልቅ እንደገና ጠፋ።

"ወረቀቱና ድምፁ ምን ያገናኛቸዋል?" አልኩ።

"እሱን ነው እኔም የምለው" አለ። ቅር ያለው አይመስልም፤ እንዲያውም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ። "መስመሮቹን ማን ማን እንደያዛቸው የሚያሳየውን አውጪልኝና አንብቢው።"

ሲስተሙን ሲጠይቁት የሚያሳየው ዝርዝር አለ። አወጣሁት። "አንድ፣ ኪቦርድ። አምስት፣ ኔትወርክ። ሰባት…" አልኩና ቆምኩ። "ሰባት፣ ማተሚያ።"

"ማተሚያ? አሁን? የሚያትመው ነገር አለው?"

"ምንም የለውም። ተኝቷል።"

"ተኝቶ ይዟል ማለት ነው።" ብሬሉን ከመሳቢያው አወጣ፤ አዲስ የተስተካከለውን ኮድ አትሞት ነበር። "ከፍቶ ገብቷል፣ ሳይዘጋ ወጥቷል። በየት ወጣ?"

ጣቱን ከ"ክፈት" ጀምሮ እያንሸራተተ ወረደ። ስንት መውጫ እንዳለ በእጁ እየተከተለ ነው፤ አንድ መውጫ ሲያገኝ ይቆማል፣ "እዚህ መልሷል፣ ደህና" ይልና ያልፋል። እኔም በስክሪኑ ላይ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ከዓይኔ ጣቱ ይፈጥን ነበር። ታች ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"ወረቀት ካለቀ ውጣ" ብሎ አነበበ። "ውጣ ብቻ! 'ዝጋ' ጋ አይደርስም። ኅትመቱን ይተዋል፣ መስመሩን ግን ይዞት ይሄዳል።"

"ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈው?"

"እኔ ነኛ!" ብሎ ሳቀ። "ድሮ መስመሩ እዚህ ውስጥ ስላልነበረ መመለስ አያስፈልገውም ነበር። እኔ አምጥቼ ሳስገባው ይቺን መውጫ ረሳኋት። ለባለቤቴ ይህን ያህል አውርቼላት!"

አንድ መስመር ጨመረ። ሲጨርስ አትሚ አለኝና ማተሚያው መሀል ላይ ሲደርስ የቀረውን ወረቀት ሆን ብሎ በእጁ ሳብ አደረገው። ማተሚያው ቆመ። ከዚያ ያ አፍንጫውን የያዘው ድምፅ፣ ተረጋግቶ፣ "ወረቀት አልቋል" አለ።

ጋሽ ለምን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። "አመሰግናለሁ" አለው ለኮምፒውተሩ።

ባለሙያው ማስተካከያውን ድራይቨሩን መጀመሪያ ለጻፈው ሰው በኢሜይል ላከለት። የት አገር እንዳለ እንኳ አናውቅም። ጥቂት ሰንብቶ ባለሙያው እየሳቀ መጣ። "ተቀብሎታል፣ ጋሼ። ለሌሎችም አወጣዋለሁ ብሏል። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቋል።"

"ጥያቄ? እኔን?"

"'መስመሩን ጭራሽ ለምን አልተዉትም?' ይላል። ማተሚያው እስኪነካን ከመጠበቅ፣ እኛው 'ጨረስክ? ጨረስክ?' እያልን አድራሻው ላይ ብንጠይቀው መስመር አያስፈልገውም። ሁለቱም እኩል ይሠራሉ ማለት ነው።"

ጋሽ ለምንን እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። "እውነትም ለምን?" አለ። "ለምን አላሰብኩትም? አሁኑኑ እንሞክረው!"

ሞከርነው። የድራይቨሩ ጸሐፊ እውነቱን ነው፤ ማተሚያው እየመታ ድምፁም እያነበበ አብረው ሄዱ። ግን ፕሮሰሰሩ ማተሚያውን በየቅጽበቱ ሲጠይቅ ጊዜው ስለሚያልቅበት ድምፁ ስቅታ እንደያዘው ሰው ይቆራረጥ ጀመር። "ማ-ማ-ማተም ጀ-ጀምሯል።" እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ባለሙያውም ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ጋሽ ለምን ራሱ ለተወሰነ ጊዜ በጥሞና ሰማውና፣ "ቀስ ብለን ብንጠይቀውስ? አረፍ እያልን?" አለ። አረፍ እያሉ ሲጠይቁት ድምፁ ተስተካከለ፣ ማተሚያው ግን ዘገመ፤ አንድ ገጽ እስኪወጣ ሰው ያንቀላፋል። ተነጋግረን መስመሩን በተራ በሚይዙበት ለመቀጠል ወሰንን። ጋሽ ለምን የሁለቱንም ውጤት ለሰውዬው ዘርዝሮ አስጻፈኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እየተጠያየቁ ሰነበቱ።

የሳይንሱ መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶቹ በጊዜው ደረሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በዓመቱ አዲሱ ኮምፒውተር ሲመጣ መስመር የሚያሻማ ነገር አልነበረበትም። ዳይሬክተሯ ልትጎበኘን ስትገባ ግን ጋሽ ለምን አዲስ የታተመ ብሬል ጭኑ ላይ ከምሮ ያነባል።

"ደግሞ ምን ተበላሸ?" አለች ደንግጣ።

"ምንም አልተበላሸም። የኔትወርኩ ካርድ ድራይቨር ነው።"

"ያልተበላሸ ነገር ምን ያደርግልሃል?"

"እሱ ደግሞ መስመሩን ሲጠይቅ ምን እንደሚል ልይ ብዬ ነው" አለና ገጹን ገለጠ።